ልምድ የቀሰመችው ንብ

ተረት ተረት፣ የንብ ቤት።

አንዲት ለጋ ንብ ሥራ ፍለጋ ወደ አንድ ትልቅ ቀፎ ሄደች። የቀፎው አለቃ አፈ ቅቤ አሮጊት ንብ ነበረች።

"ማሩ ልምድ ላላቸው ነው፤ አንቺ ለጊዜው ልምድ ትቀስሚያለሽ" አለቻት።

ለጋዋ ንብ አደይ ፈክቶ እስኪረግፍ ስትቀስም ከረመች። ቀፎው ሞላ፤ እሷ ግን ጦሟን ታድር ነበር።

"እትዬ፣ አሁን ልምድ አለኝ። ማር ይድረሰኝ" አለች።

"ልጄ፣ አንቺማ ቀስመሽ ጨረስሽ። እኛ የምንፈልገው ገና የምትቀስም ነው" ብላ አሮጊቷ ሸኘቻት።

ስትወጣ በሩ ላይ ሌላ ለጋ ንብ ቆማ አገኘች።

"እህቴ፣ የዚህ ቤት ማር ይጣፍጣል?" ብላ አዲሷ ንብ ጠየቀቻት።

"ሽታውስ ደስ ይላል" አለቻት።

ተረቴን መልሱ፣ የንቧን አፍ በማር አብሱ።