ልብስ የለበሰው ደወል

መሪጌታ ፍሬስብሐትን የጠየቅኋቸው ይህን ነው። ልጄ ከሕመሟ ብትድን ለቤተ ክርስቲያኑ የሐር ጨርቅ ላስገባ ተስዬ ነበር። ልጄ ዳነች፤ ተመስገን። ጨርቁን ግን መግዛት አልቻልኩም። ታዲያ ምስጋናዬ ከንቱ ቀረ ወይ?

እንዲህ ብለው መለሱልኝ።

አንድ ገበሬ ነበረ። በአገሩ ጉም ሲወርድ ለመንገደኛ ደወል ይደወላል። ደወሉ ግን የተሰቀለበት እንጨት ነቅዞ ከወደቀ ቆይቷል፤ ሣር ውስጥ ተጋድሞ ዶሮ እንቁላል ትጥልበት ነበር። በኋላ የአገሩ ሰዎች አንድ ቀጥቃጭ አመጡ። ምላሱን በአዲስ ብረት ሠራለት፤ ወይራ አጋድሞ በበሬ ጠፍር ሰቀለውና «ከጠፍሩ በቀር ምንም አይንካው» ብሏቸው ሄደ።

በሳምንቱ ጉም ወረደ። ገበሬው ከገበያ ሲመለስ መንገድ ስቶ ወደ ገደል ያመራል። ደወሉን ከኋላው ሰማ፤ ዞረ፤ ቤቱ ገባ። በማግስቱ ደስታው ቢበዛበት ጋቢውን አውልቆ ደወሉን አለበሰው።

«ምነው፣ በርዶታል?» ብለው ሳቁበት።

ስለቱ የሠመረለት ሁሉ ግን ያን አይቶ ነጠላም፣ ሻሽም፣ መጋረጃም እያመጣ ደረበለት። የምስጋና ነው፤ ማን ይከልክል? ደዋዩ «ኧረ ድምፁ ታፈነ» ቢል፣ «አንተ ሰነፍ፣ ጠንከር አድርገህ ሳብ!» አሉት።

በዓመቱ የገበሬው ሚስት እንጨት ለቀማ እንደ ወጣች ጉሙ መጣ። ደዋዩ ገመዱን ቢስብ፣ ቢስብ፣ ድፍ፣ ድፍ፤ ትራስ የሚደበድብ ይመስላል። ገበሬው ስሟን እየጠራ ሮጠ፤ ጉሙ ጩኸቱን ዋጠው። ተመልሶ ማጭድ ይዞ ወደ ደወሉ ወጣ።

«ስለት ነው፣ ተው! መቅሠፍት ታመጣብናለህ!» አሉት።

«የእኔም አለበት!» አለና ጨርቁን ከላይ እስከ ታች ተረተረው።

ደወሉ ጮኸ። ሴትዮዋ እርጥብ ጭራሮዋን እንደ ተሸከመች ከጉሙ ብቅ አለች።

«ምን ሆናችሁ ነው ዝም ያላችሁት?» አለቻቸው።

መሪጌታ ወደ እኔ ዞሩ።

«አየሽ ልጄ፣ ስለትሽን እጅሽ ሲሞላ ታስገቢያለሽ፤ ማንም አይቀማሽም። ምስጋና ግን እስከዚያ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ከወንዙ ማዶ ልጇ እንደ ልጅሽ የታመመባት ሴት አለች። ጉም ውስጥ ናት። የልጅሽ መዳን ለእሷ ደወል ነው። ልጅሽን እዘዪና ሂጂ፤ ሴትዮዋ ትያት።»