ጉሬዛ በቃሬዛ

አንድ የስካውት ምድብ ነበር። እንደ ሌሎቹ ምድቦች ሁሉ ስሙን ከዱር እንስሳ ወስዶ ጉሬዛ ይባላል። አባላቱ ስድስት ናቸው፤ መሪያቸው ሱራፌል የሚባል የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነው። ሱራፌል ገመድ ሲያስር ማየት ደስ ይላል። እጁ አይሳሳትም፤ ያሰረው አይላላም። የምድቡ ልጆች ግን «የሱራፌልን ቋጠሮ ለመፍታት ጥርስ ያለው ሰው ይምጣ» እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

ምድቦቹ በየዓመቱ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የጽድ ጫካ ውስጥ ቅዳሜና እሑድ ሰፍረው ይወዳደራሉ። ድንኳን ይተክላሉ፣ ያበስላሉ፣ ዛፍ ላይ የተሠራ ምልክት እየተከተሉ መንገድ ያገኛሉ። ለአሸናፊው የምትሰጠው አንዲት የነሐስ ቃጭል ናት። ስትታይ ይህን ያህል አታኮራም፤ እጀታዋ አንድ ጊዜ ተሰብሮ በሽቦ ተጠግኗል። ነገር ግን ቃጭሏን የያዘ ምድብ ዓመቱን ሙሉ በየቅዳሜው ስብሰባ የሚደውለው እሱ ነው፤ እሱ ሳይደውል ማንም አይሰለፍም። ይህ ደግሞ ለአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ከንግሥና አያንስም።

ባለፈው ዓመት ጉሬዛዎች ቃጭሏን ሊወስዱ ጫፍ ደርሰው ነበር። ዋናው ዳኛ ጋሽ ዘርጋው ድንኳናቸውን ሊመረምሩ አንገታቸውን ደፋ አድርገው እንደገቡ የአንዱ ካስማ ገመድ ተፈታና ድንኳኑ በላያቸው ላይ ተኛ። ያን ገመድ ያሰረው ከድር ነው፤ የምድቡ ትንሹና ተጫዋቹ ልጅ። ጋሽ ዘርጋው ከሸራው ሥር ባርኔጣቸውን እየፈለጉ ሲወጡ ሜዳው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ከድር ራሱ ሳቀ። ያልሳቀ ሱራፌል ብቻ ነበር። ቃጭሏን የአንበሳ ምድብ ወሰደ፤ በየቅዳሜው በተደወለች ቁጥር ድምፅዋ የሱራፌልን አንጀት ታሳርረው ነበር።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሱራፌል የሌላ ሰው ቋጠሮ አያምንም። ዘንድሮ ደግሞ የመጨረሻ ዕድሉ ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ዕድሜው ያልፍና ከውድድሩ ይወጣል። ቃጭሏን በእጁ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይደውል ከምድቡ መሰናበት ሲታሰበው እህል አይበላለትም ነበር።

እናም አንድ ዘዴ አበጀ። በልምምድ ቀን ድንኳን ሲተከል እያንዳንዱ ልጅ የየራሱን ጥግ ያስራል። እነሱ እንደ ጨረሱ ሱራፌል «በሉ ውሃ ቅዱ፣ ማገዶ ልቀሙ» ብሎ ይልካቸዋል። ዞር ሲሉለት ቋጠሯቸውን አንድ በአንድ ፈትቶ በራሱ እጅ ደግሞ ያስረዋል። ማንንም አልተቆጣም፣ ማንንም አላሳፈረም። እንዲያውም ለእነሱ ያዘነ ይመስለው ነበር። ዓመቱን ሙሉ እንዲህ አደረገ።

የሚገርመው፣ ልጆቹ በዚያ ዓመት ውስጥ በጣም ፈጣን ሆኑ። ድሮ ሩብ ሰዓት ይፈጅባቸው የነበረውን አሁን ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ይጨርሱታል። ከድርማ ገመዱን አንድ ዙር ጠቅለል አድርጎ እያፏጨ ይሄዳል። ሱራፌል ይህን ሲያይ «ተለማመዱ፣ ጎበዙ» ብሎ ደስ አለው።

የውድድሩ ቅዳሜ ደረሰ። ጉሬዛዎች ከማንም ቀድመው ድንኳናቸውን ተከሉ። ሱራፌል እንደ ልማዱ ጀሪካኑን አስይዞ ሸኛቸውና ወደ ካስማዎቹ ጎንበስ አለ። ሦስተኛው ጥግ ላይ እንደ ደረሰ ከኋላው የሰው ጥላ አረፈበት። ቀና ሲል ጋሽ ዘርጋው ናቸው፤ መዝገባቸውን በብብታቸው ይዘው ቆመዋል።

«ምን እየሠራህ ነው ልጄ?» አሉት።

«እያጠባበቅኩ ነው ጋሼ።»

«ማን ያሰረውን?»

«ልጆቹ ያሰሩትን።»

«እነሱ ያውቃሉ?»

ሱራፌል ትንሽ አፈረና መልሶ ኮራ አለ። «ቢያውቁት ምን ይጠቅማቸዋል ጋሼ? እነሱን የሚጠቅማቸው ማሸነፍ ነው።»

ጋሽ ዘርጋው «እህ» አሉና መዝገባቸውን ከፍተው አንድ ነገር ጻፉ። ለድንኳኑ ግን ሙሉ ነጥብ ሰጡት፤ ድንኳኑ በእርግጥ የሚነቃነቅ አልነበረም።

ምሳ ሲበስልም ነገሩ ያው ነበር። የምድቡ አብሳይ ኤፍራታ የተባለች ምላሷ የሰላ ልጅ ናት። ሽንኩርቱን አቁላላች፣ ምስሩን ጨመረች፣ ከዚያ ማማሰያውን ድስቱ ላይ አጋድማ ወደ ጥላ ሄደች። ጨው አላደረገችበትም። ሱራፌል ቀምሶ ጨው ጨመረበት፤ ወጡም ጣፈጠ። «ጨው ረስታለች፤ ደግነቱ እኔ አለሁ» አለ በልቡ። ለምን ረሳች ብሎ ራሱን አልጠየቀም።

እሑድ ጠዋት ጉሬዛዎች አንበሶቹን በአንድ ነጥብ ይመሩ ነበር። የቀረው የመጨረሻው ፈተና ብቻ ነው፤ እሱም ምን እንደሆነ የሚታወቀው በዕለቱ ነው። ጋሽ ዘርጋው ፊሽካቸውን ነፍተው የምድብ መሪዎችን ወደ ፊት ጠሩ። በእያንዳንዳቸው እግር ላይ ቀይ ጨርቅ አሰሩ።

«ዘንድሮ መሪዎች ቁስለኞች ናችሁ» አሉ። «እግራችሁ ተሰብሯል። ከተጋደማችሁ በኋላ መናገርም ሆነ ገመድ መንካት አትችሉም። ልጆቻችሁ በሁለት አጠናና በአንድ ጥቅል ገመድ ቃሬዛ ሠርተው ከወንዙ ማዶ ባንዲራው ድረስ ይሸከሟችኋል። ቁስለኛው ከወደቀ ከመነሻው ትጀምራላችሁ፤ ያኔ ከፈለጋችሁ ሌላ ቁስለኛ መቀየር ትችላላችሁ።»

ሱራፌል ሣሩ ላይ ተጋደመ። ልጆቹ ሁለቱን አጠናዎች አስተካክለው ገመዱን በመካከላቸው ይወጥሩ ጀመር። ከድር የራስጌውን አሰረ። ሱራፌል አንገቱን አጣሞ አየው፤ አንድ ዙር፣ ከዚያ ጠቅለል፣ አለቀ። «አጥብቀው!» ብሎ ሊጮኽ ፈለገ፤ ደንቡ ከለከለው። ከንፈሩን ነከሰ። ሕፃናት እናታቸውን ገበያ ሲሸኙ እንደሚያዩዋት ያን ቋጠሮ አፍጥጦ ሲያየው አንስተውት ሮጡ።

ወንዙ ከጉልበት አያልፍም፤ ቀዝቃዛ ግን ነው። መካከሉ ላይ ሲደርሱ የራስጌው ገመድ ተንሸራተተ፤ የጉሬዛ ምድብ መሪ በጭንቅላቱ ውሃው ውስጥ ገባ።

«ጉሬዛ በቃሬዛ! ጉሬዛ በቃሬዛ!» እያሉ አንበሶቹ ከዳር ሆነው ጨፈሩበት። እነሱም ቢሆኑ ገና ውሃው አፍ ላይ ነበሩ፤ መሪያቸው ጥሩ ተመጋቢ ስለሆነ በየአሥር እርምጃው ያወርዱት ነበር።

ሱራፌል ውሃ እያንጠባጠበ ወደ መነሻው ተመለሰ። ንዴቱ አላስችል አለው።

«ከድር! ይሄ ቋጠሮ ነው?»

«አይደለም» አለ ከድር።

«ታዲያ አይደለም እያልክ ለምን እንዲህ አሰርከው?»

ከድር እንደ ልማዱ ሊስቅ ሞከረና አልሆነለትም። «እጄ ለምዶ ነው ሱሬ፤ ወላሂ አስቤው አይደለም። ዓመቱን ሙሉ እኔ ያሰርኩትን አንተ ፈትተህ ታስረዋለህ። ስለዚህ የቱ ጋ እንደምታስር ምልክት ነው የማደርግልህ።»

ሱራፌል ደነገጠ። «ማን ነገራችሁ?»

«ማን ይነግረናል?» አለች ኤፍራታ። «መጀመሪያ ሰሞን አንድ ቀን የጀሪካኑን ክዳን ረስተን ስንመለስ አየንህ።»

«አይታችሁ ለምን ዝም አላችሁኝ?»

«አንተስ ለምን ዝም አልከን?» አለችው። «የኔን ወጥ ስትቀምስ እንኳ ተደብቀህ ነው። እኔም ጨው ማድረግ ተውኩ። ሁለት ሰው ጨው የሚጨምርበት ወጥ ማን ይበላዋል?»

ሱራፌል የረሱ ይመስለው የነበረውን ሁሉ፣ ጎበዙ ብሎ የተደሰተበትን ያን ፍጥነት ሁሉ አንድ በአንድ አስታወሰው። ልጆቹ አልጎበዙም፤ ሥራውን ለእሱ ትተውለት ነበር። ያስተዋቸው ደግሞ እሱ ራሱ ነው። እፍረቱ ከወንዙ ውሃ ይልቅ አንዘፈዘፈው።

«ሰዓቱ እየሄደ ነው» አሉ ጋሽ ዘርጋው ከዳር።

ከድር ቀይ ጨርቁን ከሱራፌል እግር ላይ ሊፈታ ጎንበስ አለ። «እኔ ቁስለኛ ልሁን። ቀላል ነኝ። አንተ እሰረው፤ ገና እንደርስባቸዋለን።»

ምክሩ ልክ ነበር። ደንቡም ይፈቅዳል። አንበሶቹ መሪያቸውን ውሃው መካከል ድንጋይ ላይ አስቀምጠው እያረፉ ነው። ሱራፌል ገመዱን ቢይዝ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የማይነቃነቅ ቃሬዛ ይሠራል፤ ከድርን ደግሞ እንደ ዶሮ አንጠልጥለውት ይሮጣሉ። ቃጭሏ ታየችው፤ ሽቦዋ ሳይቀር ታየው።

ከድርን አየው። ልጁ ቀና ብሎ አላየውም፤ ጨርቁን እየፈታ ነበር።

«ተወው» አለ ሱራፌል። «እኔ ነኝ ቁስለኛው። አንተ እሰረው።»

«እንደገና ብትወድቅስ?»

«ከወደቅኩ እዋኛለሁ» አለና ሣሩ ላይ ተጋደመ። ዓይኑንም ጨፈነ።

ከድር ገመዱን ያዘ። በዚህ ጊዜ አላፏጨም። ዞረ፣ አቋረጠ፣ አሾለከ፣ ሳበ። ከዚያ እግሩን አጠናው ላይ ተክሎ በሙሉ ሰውነቱ ጎተተው። አንዴ ተሳሳተና ራሱ ፈትቶ ደገመው። አንበሶቹ ከድንጋዩ ላይ ተነሡ፤ ኤፍራታ «ቶሎ በል!» አላለችም።

«አታየውም?» አለ ከድር ሲጨርስ፣ ድምፁ ቀጠን ብሎ። ሱራፌል ዓይኑን ሳይገልጥ፣ እንደማያይ ለመንገር ራሱን ወደ ግራና ቀኝ ነቀነቀ።

ተሸከሙት። ውሃው ከጀርባው ሥር ሲንሿሿ ሰማ፤ መካከሉ ላይ ደረሱ፣ አለፉት። ያኔ ዓይኑን ገለጠ። ከላዩ የጽዶቹ ቅርንጫፎች ቀስ እያሉ ያልፋሉ። በሁለቱ ቀናት ውስጥ ሰማዩን ቀና ብሎ ሲያይ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ምናልባት በዓመቱም ውስጥ።

አንበሶቹ በሠላሳ እርምጃ ቀድመዋቸው ባንዲራውን ነኩ። ቃጭሏም ለእነሱ ሆነች። ሱራፌል አልከፋውም ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ከፍቶታል። ነገር ግን ከቃሬዛው ሲወርድ መጀመሪያ ያደረገው የራስጌውን ቋጠሮ መዳሰስ ነው። ጥርስ የሚያስፈልገው ቋጠሮ ነበር። ከድር ፈገግ ብሎ ሲያየው እሱም ሳቀ፤ ያን ጊዜ ስድስቱም ሳቁ፤ ባለፈው ዓመት የቀረችው ሳቅ ሳትቀር ወጣች። ጋሽ ዘርጋውም መዝገባቸውን አጥፈው እያለፉ «ዛሬ ቁስለኛው ዳነ» አሉ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ቃጭሏ ስትደወል ጉሬዛዎች ተሰለፉ። ልምምዱ ድንኳን ተከላ ነበር። ልጆቹ ካስማቸውን ተክለው ገመዳቸውን ሲያነሡ ሱራፌል ጀሪካኑን አንጠልጥሎ መንገድ ጀመረ።

«ወዴት ነው? አታየንም እንዴ?» አለ ከድር።

«ውሃ ልቀዳ ነው» አለ ሱራፌል። «ክዳኑንም ይዣለሁ፤ አልመለስም።»

በሚቀጥለው ዓመት ጉሬዛዎች ቃጭሏን ይውሰዱ አይውሰዱ አልሰማሁም። ድንኳናቸው ግን ሱራፌል በሌለበትም እንዳልወደቀ ሰምቻለሁ።

ወዳጆቼ፣ የሰውን ሥራ በድብቅ ደግሞ የሚሠራ ሰው ደግ የሆነ ይመስለዋል። የልጁን አልጋ ዞር ሲል ደግማ የምታነጥፍ እናት፣ የጸሐፊውን ደብዳቤ ሳይነግረው ከሥር ከመሠረቱ የሚጽፍ አለቃ፣ ሁሉም «እኔ ባልኖር ምን ይውጣቸው ነበር?» ይላሉ። ያልገባቸው ነገር ቢኖር ሌላው ሰው ማየቱ ነው። የማይታመን እጅ ቀስ በቀስ ይላላል፤ ከዚያ ያ የላላ እጅ አንድ ቀን እኛኑ ሊሸከመን ይመጣል። ስሕተቱን ፊት ለፊት ንገሩት፣ አስተምሩት፣ ከዚያ ልቀቁለት። አንዳንዴ ውሃ ውስጥ ይጥላችኋል፤ ውሃው ከጉልበት አያልፍም።

እስቲ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ዞር እስኪልላችሁ ጠብቃችሁ ደግማችሁ የምታስሩት የማንን ቋጠሮ ነው? እሱ ያሰረው ቃሬዛ ላይስ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ትተኛላችሁ?