የአህያ ወረፋ

ጆሯችሁን ወዲህ በሉ፣ ተረቴ መጣ። በዱር አገር ነፋስ የምትቀድም የእሽቅድድም መኪና በዓመት አንዲት ብቻ ትመጣ ነበር። የምትሸጣትም እመት ጦጢት ነበረች።

ሸክም ያንገሸገሸው አህያ መኪናዋን ሲጠይቅ፣ “መጀመሪያ ጋሪ ግዛኝና ደንበኛ ሁን፤ ከዚያ ወረፋ ትይዛለህ” አለችው። ገዝቶ ጎተተ። ሌላም አስጨመረችው፤ እሱንም ጎተተ። ተራው ደረሰ በተባለ ቀን ግን ትናንት የመጣው አያ ጅቦ መኪናዋን እያስጓራ፣ አቧራ አልብሶት አለፈ።

የአህያ ደም ፈላ። “እመት ጦጢት፣ ተራው የኔ አልነበረም ወይ?”

ዓይኗን በጨው ታጥባ፣ “አይዞህ፣ አንድ ጋሪ ብቻ ጨምር፤ የሚቀጥለው ያንተ ነው” አለችው።

አህያ ጋሪዎቹን ከላዩ ፈታና ጀርባውን አዞረላት። ጦጢት ተስፋ ቆርጦ የሚሄድ መስሏት ሳቀች። መሳሳቷ የገባት ጥርሶቿን ከአቧራው ውስጥ ስትለቅም ነው።