አያ ጅቦ ቀዛፊው

አንድ ጊዜ በጋው ጠንቶ የሐይቁ ዳር ሣር ሁሉ አረረና እንስሳት የሚበሉት አጡ። ሐይቁ መካከል ያለችው ደሴት ግን እንደለመለመች ነበረች፤ ሣርም፣ ፍሬም፣ ሥጋም አላት። ለሁሉም ስለማትበቃ አንበሳ ፈረደ።

«ከሦስት ቀን በኋላ በታንኳ ትሽቀዳደማላችሁ። ቀድሞ የደረሰ ዝናብ እስኪመጣ እዚያው ይክረም።»

አንዷን ታንኳ ሦስት ጦጣዎች ያዟት። ሌላዋ ለጅብ፣ ለአህያና ለቀበሮ ደረሰች። አህያ ከጅብ ጋር መሳፈሩን አልወደደም፤ ረሃቡ ግን ባሰበት።

ጅብ ጦጣዎቹን አይቶ ሳቀ። «እነዚህ ጭራሮዎች ናቸው እኔን የሚቀድሙኝ?»

ልምምድ ተጀመረ። አህያ መቅዘፊያውን ገና ሲያነሳ ጅብ ሦስቴ ቀዝፏል። ታንኳዋ እንደ እንዝርት ትሽከረከር ጀመር።

«አንተ አህያ፣ ወዴት ነው የምትወስደኝ?» ሲል ጅብ ጮኸ።

«እኔማ የትም አልሄድኩም፣ አያ ጅቦ። እርስዎ ነዎት የሚያዞሩን።»

ቀበሮ ጣልቃ ገባች። «አያ ጅቦ፣ እንዲህ ያለ ጉልበትማ መባከን የለበትም። መጀመሪያ በእግርዎ ይግፉ፣ ወገብዎ ይከተል፣ ክንድዎ መጨረሻ ላይ ይሳብ። ፊት ለፊትዎ ያለውን አህያ እያዩ፣ ጎንበስ ሲል ጎንበስ፣ ቀና ሲል ቀና ይበሉ።»

ጅብ አህያን አየ። ታፋውንም አየ። ምራቁ ተዝረበረበ፤ መቅዘፊያው ከእጁ ወደቀ።

«ምነው?» አለች ቀበሮ።

«ምንም። ሲያምር ብዬ ነው።»

አህያ ከዚያ በኋላ ከጅብ ፊት አልቀመጥም ብሎ አሻፈረኝ አለ። ስለዚህ ጅብ ከፊት፣ አህያ ከኋላ ሆኑ። ቀበሮ «እግር! ወገብ! ክንድ!» እያለች ትጠራለች። ሁለት ቀን ሲለፉ ውለው ታንኳዋ ቀጥ ብላ መንሸራተት ጀመረች። አህያ ፍርሃቱን ረስቶ የጅብን ወገብ እያየ እኩል ይጎነበሳል፣ እኩል ይነሳል። ጅብም ቢሆን ደስ አለው።

በውድድሩ ቀን ጦጣዎቹን ጥለዋቸው ሄዱ። ደሴቷን ሊነኩ ምንም አልቀራቸውም ነበር። ያን ጊዜ ነፋሱ የሥጋ ሽታ አመጣ።

«እግር! ወገብ!» አለች ቀበሮ።

ጅብ ግን «ክንድ!» እስክትል አልጠበቀም። ብድግ ብሎ ባለ በሌለ ኃይሉ ሳበ፤ መቅዘፊያው ከአህያው መቅዘፊያ ጋር ተጋጨ፤ ጅብ በአፍንጫው ውኃው ውስጥ ተተከለ፤ ታንኳዋም ተገለበጠች። ጦጣዎቹ እኩል እየተጎነበሱ፣ እኩል እየተነሱ፣ ዞር ብለው እንኳ ሳያዩ በአጠገባቸው አልፈው ደሴቷን ያዙ።

አህያ እየዋኘ፣ ቀበሮ ጀርባው ላይ ተፈናጣ፣ ጅብ ጭራውን ይዞ ወደ ደረቁ ዳር ተመለሱ።

«ቢሆንም» አለ ጅብ ውኃውን እያራገፈ፣ «ሁላችሁንም ቀድሜ ነበር!»

«እንዴታ!» አለች ቀበሮ። «ታንኳዋን እንኳ ቀድመዋታል።»

ከዚህ የምንማረው፣ አብረው የሚቀዝፉትን ካሰቡበት የሚያደርሳቸው የአንዱ ክንድ መበርታት ሳይሆን የሁሉም እኩል መጎንበስና እኩል መነሳት መሆኑን ነው።