«የለሁበትም» ያለው ሰው

ወገኖቼ፣ ዛሬ የአንድ ሰው ታሪክ ልንገራችሁ። ስሙን አልጠራላችሁም። ለምን እንደማልጠራው መጨረሻ ላይ ትረዱታላችሁ።

ሰውዬው በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በሽመና ክፍል ይሠራ ነበር። ዘመኑ የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ያልተፈቀደበት ዘመን ነው። ታዲያ ሠራተኞቹ ምን አደረጉ? እድር አቋቋሙ! እድርን ማን ይከለክላል? ድንኳን ገዙ፣ ቃሬዛ አሠሩ፣ ዳኛ መረጡ። ቀብረው ሲመለሱ ግን ስለ ሥራቸው ይመክራሉ። አንድ ቀን መክረው ደብዳቤ ጻፉ። «እሑድ እንረፍ፤ የታመመ ከሥራ አይባረር» አሉ። ይኸው ነው ወንጀላቸው።

ሥራ አስኪያጁ አንድ በአንድ እያስጠራ ጠየቀ። «በዚህ ነገር አለህበት?»

«አለሁበት» አለ አንዱ። «አለሁበት» አለች ሌላዋ። ተራው የዚያ ሰው ሆነ። እናቱ ሽባ ሆና አልጋ ላይ ናት፤ የሚያጎርሳት እርሱ ብቻ ነው። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? አትቸኩሉ!

«የለሁበትም» አለ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን፤ እነዚህማ ድሩን ራሳቸው እየሠሩ እንዴት ይጥፋቸው? ሥራ አስኪያጁ ሁሉን አባርሮ በአንድ ሰው ፋብሪካ ሊያንቀሳቅስ አልቻለም። እሑድ ተፈቀደ። ለዚያም ሰው ጭምር ተፈቀደ።

ከዚያ ወዲያ ግን ምሳ ዕቃውን ይዞ ሲመጣ ጠጋ የሚልለት ጠፋ። ሰደቡት? ማንም አልሰደበውም። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ዓመት ሙሉ ግድግዳ ግድግዳውን እያየ በላ። እኔን አሁንም ያሳዝነኛል።

እናቱ በአንድ እሑድ ቀን እጁ ላይ አረፈች። እሑድ ባይፈቀድ ኖሮ እርሱ ማሽን ላይ ሳለ ብቻዋን ትሞት ነበር። አጠገቧ ቁጭ አለ። ጥሩንባ አስነፉልኝ የሚልበት ፊት ከየት ያምጣ? እድሩም ማኅበሩም ያው አንድ ነው። «የለሁበትም» ሲል ለካ ከእናቱ ድንኳን ወጥቷል!

ጎረቤቱ ወይዘሮ ፈለቀች ሄደው ለእድሩ ዳኛ ለአቶ ወንድይፍራው ነገሯቸው። አቶ ወንድይፍራውም፣ «ሬሳ አይኮረፍም። ጥሩንባው ይነፋ» አሉ።

መጡ። ሁሉም መጡ። ድንኳኑ ተተከለ፣ እናቲቱ በወግ ተቀበረች። ከቀብር በኋላ እንደ ደንቡ ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ ስም ጠራ። «አለሁ።» «አለሁ።» «አለሁ።» ሰውዬው ከአፈሩ ጎን ቆሞ ይጠብቃል። ስሙ ከተሰረዘ ዓመት አልፎታል፤ ያውቃል። ቢሆንም ይጠብቃል። የመጨረሻው ስም ተጠራ። ያን ጊዜ ማንም ሳይጠራው፣ ቀስ ብሎ፣ «አለሁ» አለ።

ጸሐፊው ሰማው። ቀና ብሎም አየው። መዝገቡን አጠፈና በብብቱ ይዞ ሄደ።

ሠልስቱ እንዳለፈ ሰውዬው ከተማውን ለቀቀ። የት እንደገባ የሚያውቅ የለም።

ወገኖቼ፣ ጲላጦስ እጁን የታጠበው «የለሁበትም» ለማለት ነው። ጴጥሮስስ? እሳት እየሞቀ ያንኑ አላለም? ጌታ ግን ጴጥሮስን ሦስት ጊዜ «ትወደኛለህን?» አለው። ለምን ሦስት ጊዜ? የካደበትን አፍ «አለሁ» ሊያሰኘው ነዋ!

እናንተስ ማንን ሰርዛችኋል? ወንድማችሁን? ምራታችሁን? በፍርሃት አንድ ቃል ተናግሮ ዓመት ሙሉ ግድግዳ ያየ ሰው ደጃችሁ ላይ የለም? «አለሁ» ሲላችሁ ስሙት። ዛሬውኑ ሄዳችሁ በስሙ ጥሩት።

እኔ አልጠራሁትም። ያ ጸሐፊ እኔ ነኝ። እርሳሱ ጆሮዬ ላይ ነበር፤ አንድ ስም ለመጻፍ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? ዛሬ ስሙን የማልነግራችሁ፣ መጥራት በነበረብኝ ቀን ስላልጠራሁት ነው።