ማጭዷን የሳላት ጠጠር

ተረት ይዤ መጥቻለሁ፤ የሚሰማኝ ካለ ጠጋ ይበል።

ድሮ፣ ድንጋይም ብረትም እንስሳም እንደ ሰው ሲነጋገሩ በነበረበት ዘመን፣ አያ ጃርቴ የሚባል ጃርት ነበር። ሥራው ስለት መሳል ነው። ከአንድ ትልቅ ዋርካ ሥር በእግሩ የሚያዞራት የእንጨት መንኮራኩር ነበረችው። የመንኮራኩሯን ጠርዝ የግራር ሙጫ ይቀባዋል፤ በሙጫው ላይ የጠጠር ቅንጣት ይነሰንስበታል፤ ፀሐይ ላይ ያደርቀዋል፤ ከዚያ የመጣለትን ብረት ይስልበታል። ብረት አበላሽቶ ቢመልስም ደንበኛ አጥቶ አያውቅም፣ ምክንያቱም በአካባቢው ሌላ ስለት የሚስል አልነበረም።

አንድ ቀን እመት ጥንቸል ማጭዷን አንጠልጥላ መጣች። ባሏን ቀበሮ ከበላባት ወዲህ ልጆቿን የምታሳድገው በአንዲት የገብስ ማሳ ነው። ገብሱ ደርሷል። ከተራራው ማዶ ደግሞ ያለ ወቅቱ የበረዶ ደመና ይከማቻል። ማጭዷ ግን ዶልዱማለች፤ እርጥብ ሣር እንኳን አትቆርጥም።

«አያ ጃርቴ፣ በረዶው ከቀደመኝ ልጆቼ ዓመቱን ምን ይበላሉ?» አለችው።

ማጭዷ አርጅታ ቀጥናለች፤ ምላሷ ግን አልዶለዶመም። «እኔም የምለው አለኝ» አለች። «ከእኔ የቀረው ብረት የአንድ ጣት ስፋት አይሞላም። አስበህ ሳለኝ። ካበላሸኸኝ ይህች ሴትዮ ሌላ ማጭድ የላትም።»

አያ ጃርቴ እሺ አለና እንደ አገሩ ልማድ ጠጠሮቹን ሰበሰበ። ጠጠሮች የወንበር ሥርዓት ነበራቸው። ሁለት ጠጠሮች ሲገናኙ ይፋተጋሉ፤ የጫረው ከላይ ይቀመጣል፣ የተጫረው ዝቅ ይላል። ሥራ ሲመጣ ከላይ ላለው ይሰጣል። ሥራው ምን እንደሆነ ማንም አይጠይቅም።

ከላይ የተቀመጠው አልማዝ ነበር። እሱን የሚጭር አልተፈጠረም። «የምን ብረት ነው?» ብሎ ለመጠየቅ እንኳን አልተጨነቀም፤ ጋቢውን ሰብስቦ ተነሣ። አያ ጃርቴም የአልማዝን ቅንጣት በመንኮራኩሯ ላይ ነሰነሰ፣ ማጭዷን አስጠጋ፣ መንኮራኩሯን አዞረ። መጀመሪያ ጥሩ በላ። ቀጥሎ ብረቱ ጋለ። የጋለ ብረት ደግሞ የአልማዝን ጥርስ ይልሰዋል፤ ጥርሱ አለቀ። አልማዝ ግን አይሰበርም፣ ቦታውንም አይለቅም። በደነዘ ጥርሱ እዚያው ተጣብቆ ይፈትጋል፣ ሲፈትግ ያቃጥላል። የማጭዷ ጫፍ ሰማያዊ ሆነ።

«አቃጠልከኝ፣ ጌታው» አለች ማጭዷ።

«እኔን የሚጭር የለም» አለ አልማዝ።

«ማን ይጭርህ አለ? ሳለኝ ነው የተባልከው።»

አያ ጃርቴ ተናደደ። ከላይ ያለው ካልሆነ ከታች ያለው ይሆናል ብሎ አሰበና ዳር ላይ፣ ከሁሉም ዝቅ ብሎ የተቀመጠውን የወንዝ አሸዋ አስነሣ። አሸዋ ትሑት ነው፤ የማይገባው ነገር እንደተሰጠው ደጋግሞ ተናገረ። እውነቱንም ነበር። ወንዝ ሲያንከባልለው ኖሮ ጥርስ አልቀረውም። መንኮራኩሯ ስትዞር በብረቱ ላይ ተንሸራተተ፣ ከሙጫውም እየተላቀቀ ረገፈ። ማጭዷ እንደ መጣች ሆነች። ደመናው ተራራውን አልፎ ነበር።

እመት ጥንቸል ወደ ማሳዋ አቅጣጫ ብቻ ታያለች።

በዚህ መሐል የጥንቸሏን ሽታ ተከትሎ ቀበሮ ከተፍ አለ። አያ ጃርቴ ጀርባውን አዞረና ወደ ኋላ ተወረወረ። ቀበሮው አፍንጫው ላይ እሾህ ተሰክቶበት እያላዘነ ሮጠ።

«እሾህህ ተነቀለ እኮ» አለች እመት ጥንቸል አዝና።

«ባይነቀልማ ምን ይጠቅመኝ ነበር?» አላት። «አንዱ ይነቀላል፣ በቦታው ሌላ ይወጣል።»

ይህን ብሎ መንኮራኩሯን አየ፣ ጀርባውን ዳሰሰ። ከዚያ ወደ ጠጠሮቹ ዞሮ፣ «ከእናንተ ውስጥ ሲሠራ የሚሰበር ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ጠጠሮቹ አንገታቸውን ደፉ። በእነሱ ዘንድ መሰበር ነውር ነው። በመጨረሻ ከመሐል ወንበር አንድ ግራጫ ጠጠር ተናገረ። አልማዝ ሲጭረው የኖረ፣ እሱም አሸዋን ሲጭር የኖረ፣ ማንም ልብ ያላለው ነው።

«እኔ እሰበራለሁ» አለ። «ጥርሴ ሲደንዝ ትንሽ ይሰበራል፤ ከሥሩ አዲስ ጥርስ ይወጣል። ብረት ያውቀኛል። እስከ ዛሬ የጠየቀኝ ስለሌለ ዝም አልኩ።»

«የጠየቀህ ቢኖር ኖሮ አልቃጠልም ነበር» አለች ማጭዷ። «አሁንስ ሰብሰብ በልና ና።»

አያ ጃርቴ ግን በዚህኛው ጊዜ አልቸኮለም። ጠጠሩን ፈጭቶ ወፍራሙን ለብቻ፣ ደቃቁን ለብቻ ለየ። በወፍራሙ የተቃጠለውን አነሣ፤ ሙጫውን ቀይሮ በደቃቁ ጠርዙን አሳመረ። ብረቱ እንዳይግል መሐል መሐል ላይ ውኃ አጠጣት። ማጭዷ ከቀራት ብረት ላይ ጥቂት ጎደለባት፤ ስለቷ ግን ተመለሰ። እመት ጥንቸል ልጆቿን አሰልፋ ገብሱን አጨደች። በረዶው ሲደርስ ያገኘው የማሳውን አንድ ጥግ ብቻ ነው።

ወዲያው ደግሞ የጥንቸሏ የድንጋይ ወፍጮ ልሙጥ ሆኖ ገብሱን አልፈጭ አለ። አያ ጃርቴ ግራጫውን ጠራው። ግራጫው ሞክሮ ጥርሱ ከወፍጮው በፊት አለቀና፣ «ይኼ የእኔ አይደለም፤ አልማዝን ጥሩት» አለ። አልማዝ ኩርፊያው አልለቀቀውም ነበር፤ ቢሆንም መጣ፣ ወፍጮውንም አሻከረው። በድንጋይ ላይ አቻ አልነበረውም። አሸዋም ሥራ አላጣም፤ የጥንቸሏን እንስራ አጥቦ አጸዳ።

ከዚያ ወዲህ በጠጠሮች አገር ወንበር የሚዘረጋው ሥራው ከታወቀ በኋላ ነው። መሣሪያ የሚመርጥ ሰው፣ ማን ይበልጣል ከማለቱ በፊት ምን ልሠራ ነው ይበል።

ተረቱን እኔ አወራሁ፤ የገብሱን ቆሎ እናንተ አቅርቡ።