ፀሐይ እንዳይመታው የተሸፈነው ሰሌዳ

አንድ ጊዜ ውኃው ከገደል ሥር፣ ጠጪው ከአምባ ላይ በሆነበት አገር ለእንስሳቱ ሁሉ ውኃ የምታመላልስ አንዲት አህያ ነበረች። በቀን ሁለቴ ትወርዳለች፣ ሁለቴ ትወጣለች። ጉልበቷ ከድቷታል፤ ጀርባዋ ተልጦ ዝንብ ሰፍሮበታል። «ይህን በጋ አልሻገረውም» ትል ነበር ለራሷ።

ቆላ ያለችው ሰጎን አሸዋ አቅልጣ ፀሐይ እየበላ ውኃ የሚስብ ጥቁር ሰሌዳ መሥራቷን አህያ ስትሰማ፣ ማንም ሳያዛት ሦስት ቀን ተጉዛ፣ ሰሌዳውን ከነፓምፑና ከነቧንቧው ተሸክማ መጣች። ሰሌዳውን አምባው ጫፍ ላይ አቆሙት፤ ቧንቧውን ወደ ምንጩ ለቀቁት።

አንበሳ ዞሮ ዞሮ አየው።

«እንዴት ያብረቀርቃል! በሉ ሸፍኑት። ፀሐይ እንዳይመታው፣ አቧራም እንዳይነካው። እንግዳ ሲመጣ ይገለጣል።»

ወፍራም ቡልኮ አለበሱት።

«ጌታዬ፣ ምግቡ እኮ ፀሐይ ነው» አለች አህያ።

«ይበላል እንዴ?» አያ ጅቦ ደነገጠ። «እንግዲያ አጥብቃችሁ ሸፍኑት! ዛሬ ፀሐይ የለመደ ነገ ሥጋ ያምረዋል።»

ቀበሮ እውነቱን ያውቃል። ግን የሰሌዳው ጠባቂ ተብሎ ተሹሟል፤ በየቀኑ አንድ ጎድን ይቆረጥለታል፤ ከቡልኮውም ሥር በጥላው ይተኛል።

«እመት አህያ፣ አንቺ ስለ ሰሌዳ ምን ታውቂያለሽ? ጉዳዩ ጥናት ይፈልጋል» አላት ዓይኑን ሳይገልጥ።

«ተሸክሜ ያመጣሁት እኔ!»

«እኮ! መሸከሙንማ ማን ነሣሽ?»

ወር አለፈ። አህያ ባለፈች ባገደመች ቁጥር የተከናነበውን ሰሌዳ እያየች ጥርሷን ታፋጫለች። አንድ ቀን ፀሐይ አናት ስትበሳ፣ አምባው ላይ ልትደርስ ትንሽ ሲቀራት ከነጭነቷ ወደቀች። ጄሪካኑ ተሰነጠቀ።

«ውኃችን! ውኃችን!» እያሉ እንስሳቱ ከበቧት። «ተጎዳሽ ወይ?» ያላት አንድ እንኳ የለም።

ያን ጊዜ መረራት። እያነከሰች ሄዳ ቡልኮውን ነክሳ ጎተተችው። ቀበሮ ከሥሩ ተንከባሎ ወጣ። ፓምፑ አጉረመረመ፤ ውኃው ከቧንቧው ተስፈንጥሮ ወጣ። ሁሉም ሆዳቸው እስኪነፋ ጠጡ።

አንበሳ ጢሙን እየላሰ «ድንቅ ነው!» አለ። «እንዲህ ያለ ዕቃማ ሊበላሽብን አይገባም። ቡልኮውን ደርባችሁ መልሳችሁ አልብሱት!»

አህያ ቡልኮውን በጥርሷ እየጎተተች ወስዳ ገደል ጨመረችው።

«ምን አደረግሽ አንቺ?» ብለው ሁሉም ጮኹባት።

«ያውላችሁ ከታች። መሸፈን የሚሻ ወርዶ ያምጣው፤ መቼም መውረዱ ካልቀረ ጄሪካንም ይዞ ይውረድ።»

ገደሉን አዩት። አያ ጅቦ ሆዴ ከብዶኛል አለ። ቀበሮ አንዱን እግሩን አነሣ፤ ወዲያው ረስቶት በሌላኛው አነከሰ። አንበሳም ንጉሥ ገደል አይወርድም ብሎ ተኛ። ሰሌዳው ራቁቱን ዋለ፤ ውኃውም ሲፈስ ዋለ።

ከዚህ የምንማረው፣ ለሥራ የመጣን ነገር እንዳያረጅ ብሎ መሸፈን የተሸካሚውን ዕድሜ ያሳጥራል እንጂ የዕቃውን እንደማያረዝም ነው።